ሉዊ ኒኮላ ቮክላን፦ የክሮሚየም አግኚ ሕይወት፣ ከእንጅባራ ፔሪዶታይት አንጻር

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ከዳንግላ ወደ እንጅባራ የሚዘልቀው ምድር በአብዛኛው የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው። በዙሪያው ከሚታዩት ክብ ኮረብታዎች ብዙዎቹ ከምድር ውስጥ የተተፋ ፍም ተከምሮ የቀዘቀዘባቸው ናቸው፤ የዘንገና ሐይቅ የተኛበት ጎድጓዳ ስፍራም የእሳተ ገሞራ አፍ ነው። ከጣና ሐይቅ በስተ ደቡብ የተነጠፈው ይህ ባዛልት በጂኦሎጂ ዕድሜ ሲለካ ለጋ፣ የኳተርነሪ ዘመን ነው። ተመራማሪን ወደ እንጅባራ የሚስበው ግን ባዛልቱ ብቻ ሳይሆን ወደ ላይ ሲወጣ ጠራርጎ ያመጣው ነገር ጭምር ነው። ጥቁሩ ድንጋይ ሲፈለጥ አልፎ አልፎ በውስጡ አረንጓዴ ጓል ይገኛል። ይህ ጓል ከባዛልቱ ጋር አብሮ የተፈጠረ ሳይሆን ከምድር ቅርፊት በታች ካለው ማንትል ተቦጭቆ የመጣ የፔሪዶታይት ስባሪ ነው፤ ባለሙያዎች ዜኖሊት ይሉታል።

የዚህ አልትራማፊክ ድንጋይ ትልቁ ክፍል ኦሊቪን ነው፤ ከኦሊቪኑ ጋር ሁለት ዓይነት ፓይሮክሲን ይገኛል፤ በመካከላቸው ደግሞ ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ የሆኑ የስፒኔል ቅንጣቶች ተበትነዋል። ስፒኔሉ ከድንጋዩ ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ነው። በውስጡ አሉሚኒየምና ክሮሚየም አንዱ የሌላውን ቦታ እየወሰዱ ይገባሉ፤ የክሮሚየሙ ድርሻ እያየለ ሲሄድ ማዕድኑ ወደ ክሮማይት ይጠጋል። ማዕድን ቆፋሪ ለእንዲህ ያለ ቅንጣት ዶማ አያነሣም። ለፔትሮሎጂ ተማሪ ግን የክሮሚየምና የአሉሚኒየም ምጣኔ ያ ማንትል ቀድሞ ምን ያህል እንደቀለጠና ምን ያህል ቅላጭ እንዳጣ የሚነግር መለኪያ ነው። ከሁለቱ ፓይሮክሲኖች የአንዱ ደማቅ አረንጓዴነትም ከዚሁ ንጥረ ነገር የመጣ ነው። ክሮሚየም የሚባል ነገር መኖሩ ራሱ እስከ 18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አይታወቅም ነበር። ያሳወቀው ሉዊ ኒኮላ ቮክላን የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቮክላን ሜይ 16 ቀን 1763 በኖርማንዲ፣ ሴንት አንድሬ ዴበርቶ በምትባል መንደር ተወለደ። በዚያ ጊዜ በጎንደር ዙፋን ላይ የነበሩት ዐፄ ኢዮአስ ናቸው። ሕፃኑ ሰባት ዓመት ሲሞላው፣ በኖቬምበር 1770፣ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በአገው አገር አድርጎ ግሽ ዓባይ ደረሰ። የብሩስ ዓይን ውኃው ላይ ነበር፤ ከእግሩ በታች ያለው ድንጋይ ምን እንደያዘ ለማወቅ የሚያስችለው ኬሚስትሪ ገና አልተወለደም።

የቮክላን ቤተሰብ በአንድ ባላባት ርስት ላይ እየሠራ የሚኖር ድኻ ገበሬ ነበር። ልጁ በመንደሩ ትምህርት ቤት ጎበዝ ሆኖ ታየ። አሥራ አራት ዓመት ገደማ ሲሆነው ሩዋን ወደምትባለው ከተማ ሄዶ ከአንድ መድኃኒት ቀማሚ ዘንድ በረዳትነት ተቀጠረ፤ ሥራውም ጠርሙስ ማጠብና እሳት ማንደድ ነበር። ቀማሚው ለተማሪዎቹ የኬሚስትሪ ትምህርት ሲሰጥ ልጁ ከጥግ ሆኖ ያዳምጥና ማስታወሻ ይይዝ ነበር። በሕይወት ታሪኩ ላይ የጻፉ ሰዎች እንደሚተርኩት ጌታው ደብተሩን ቢያገኝበት ቀዳደደው፤ ቮክላንም ቤቱን ጥሎ ወደ ፓሪስ ሄደ። የደብተሩ ነገር እንደ ብዙ የታላላቅ ሰዎች የልጅነት ወሬ በጊዜ ብዛት ያማረ ሊሆን ይችላል። ድኻ ሆኖ ፓሪስ መግባቱና ከአንዱ መድኃኒት ቤት ወደ ሌላው እየተዘዋወረ መሥራቱ ግን አያጠራጥርም።

ዕድሉን የለወጠው ሼራዳም የተባለ መድኃኒት ቀማሚ ነው። ሼራዳም የታወቀው ኬሚስት የአንቷን ፍራንሷ ፉርክሯ ዘመድ ስለነበረ የወጣቱን ትጋት አይቶ ለፉርክሯ አስተዋወቀው። ፉርክሯም በቤተ ሙከራው ረዳት አድርጎ ወሰደው። ሁለቱ ሰዎች በጠባይ የማይገናኙ ነበሩ። ፉርክሯ አንደበተ ርቱዕ፣ በአደባባይ የሚደምቅ፣ ኋላም በአብዮቱ መንግሥት ውስጥ ሥልጣን የያዘ ሰው ነው። ቮክላን ዓይን አፋርና ዝምተኛ ነበር፤ በእቶኑና በሚዛኑ መካከል ካልሆነ በቀር የሚናገረው የጠፋበት ይመስል ነበር። ባንድነት ያሳተሙት ሥራ ብዙ ነው፤ በመካከላቸውም የእጅ ሥራው በአብዛኛው የቮክላን እንደነበረ የዘመኑ ሰዎች ያውቁ ነበር። በፉርክሯ ቤት የሚኖሩት ሁለት እኅቶቹ ወጣቱ ረዳት በጸና በታመመ ጊዜ አስታመውታል፤ ይህ ውለታ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ የሚመለስ ነው።

አብዮቱ በፈነዳ ጊዜ ቮክላን ፖለቲካ ውስጥ አልገባም። ይሁንና በ1792 የንጉሡ ቤተ መንግሥት ሲወረር ከሕዝቡ ቁጣ የሸሸ አንድ የስዊስ ዘበኛ እንዳዳነ፣ በዚህም የተነሣ ፓሪስን ለቅቆ በመለን ከተማ በወታደር ሆስፒታል መድኃኒት ቀማሚ ሆኖ እንደቆየ ይነገራል። ሲመለስ የማዕድን መርማሪ ሆነ፤ በማዕድን ትምህርት ቤትም አስተማሪነት ተሰጠው። ለሕይወቱ ትልቁ ነገር የሆነው ይህ ሹመት ነው፤ ከተለያየ አገር ወደ ፓሪስ የሚመጣው ድንጋይ በእጁ ማለፍ ጀመረ።

ከእነዚህ ድንጋዮች አንዱ ቀድሞ የሚያውቀው ነበር። በኡራል ተራሮች፣ በየካተሪንበርግ አጠገብ ካለው የበረዞቭ ወርቅ ማውጫ ደማቅ ብርቱካናማ ቀይ የሆነ የእርሳስ ማዕድን ይወጣል፤ ዛሬ ክሮኮይት ይባላል። ሌማን የተባለ ጀርመናዊ በ1766 ስለዚህ ማዕድን ጽፎ ለአውሮፓ ምሁራን አሳውቋል። ማዕድኑ እምብዛም አይገኝም፣ ዋጋውም ውድ ነው፤ ሲፈጭ የሚወጣው ቢጫ ዱቄት ለሠዓሊዎች ቀለም ይሆን ነበር። ሁሉም መልኩን አደነቀ፤ ቀለሙ ከየት እንደመጣ ግን ማንም አልተስማማም።

በ1789 ቮክላን ከማካር ጋር ሆኖ ይህን ማዕድን መረመረ። ሁለቱ ያገኙት መልስ እርሳስ፣ ብረትና አሉሚኒየም ከኦክስጅን ጋር የተዋሐዱበት ነው የሚል ነበር። መልሱ ስሕተት ነው። በክሮኮይት ውስጥ ከእርሳሱ በቀር ከተባሉት አንዱም በመሠረቱ የለም፤ ያለው እርሳስ፣ ክሮሚየምና ኦክስጅን ነው። በሞስኮ ቢንድሃይም የተባለ ሌላ ኬሚስት ሲመረምረው ደግሞ ሞሊብዲነም አለበት አለ። ስሕተቱ የግድየለሽነት አይመስልም። የዚያ ዘመን መርማሪ ከሙሙቱ የተለየውን ዝቃጭ አስቀድሞ ከሚያውቃቸው ነገሮች ከአንዱ ጋር ያመሳስለዋል፤ በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ነገር ቢገጥመው በዝርዝሩ ካሉት የሚቀርበውን ስም ይሰጠዋል። ዛሬም የመሣሪያውን የማመሳከሪያ ዝርዝር ሳይጠራጠር የሚቀበል ተማሪ ከዚህ ፈተና የራቀ አይደለም።

ስምንት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1797፣ ቮክላን ወደዚያው ድንጋይ ተመለሰ። ይህ መመለስ ከግኝቱ ያላነሰ ግምት ይገባዋል። የሠራውን ያሳተመ፣ ስሙም እየገነነ የሄደ ሰው ሌላ አዲስ ማዕድን መርጦ ማለፍ ይችል ነበር። እሱ ግን የተለያዩት ምርመራዎች እርስ በርስ መጋጨታቸውን እንደ ጥያቄ ወሰደው። ማዕድኑን አልሞ ፈጭቶ በእጥፍ ፖታሲየም ካርቦኔት አፈላው። እርሳሱ ከካርቦኔቱ ጋር ተዋሕዶ ነጭ ዝቃጭ ሆነና ወደ ታች ወረደ፤ ከላይ የቀረው ፈሳሽ ደማቅ ቢጫ ነበር። እንቆቅልሹ የተፈታው በዚህ ቢጫ ውኃ ነው። የሜርኩሪ ጨው ሲጨመርበት ቀይ ዝቃጭ ሰጠ፤ የእርሳስ ጨው ሲጨመርበት ቢጫ ዝቃጭ ወጣ፤ የቆርቆሮ ክሎራይድ ሲነካው ደግሞ ወደ አረንጓዴ ተለወጠ። ከሚታወቁት ብረታ ብረቶች እንዲህ ያለ የቀለም ጠባይ ያለው አልነበረም። የቀረው ሥራ ንጥረ ነገሩን ብቻውን ማውጣት ነው። በቀጣዩ ዓመት የክሮሚየሙን ኦክሳይድ ከከሰል ዱቄት ጋር በማቅለጫ ሸክላ አድርጎ በኃይለኛ እሳት አጋለው፤ ሲቀዘቅዝና ሸክላው ሲሰበር በመርፌ መልክ የተሰካካ ግራጫ ብረት ተገኘ። በበርሊን ክላፕሮት በዚያው ወቅት ከዚያው ማዕድን አዲስ ንጥረ ነገር እንዳለ ራሱን ችሎ ደርሶበት ነበር፤ ይህም የቮክላንን ውጤት አጸናው።

ስሙን ያወጡት ፉርክሯና የማዕድን ሊቁ ረኔ ዡስት አዩይ ናቸው፤ በግሪክኛ ቀለም ከሚለው ቃል ወስደው ክሮም አሉት። ቮክላን ይህን ስም መጀመሪያ አልወደደውም ይባላል፤ ብረቱ ራሱ የረባ ቀለም የለውምና። ተቃውሞው ከልክ ያለፈ ጥንቁቅነት ቢመስልም የሰውየውን ጠባይ ያሳያል፤ ስሙ ግን ጸና፤ ምክንያቱም ንጥረ ነገሩ ከሌላው ጋር ሲዋሐድ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ሁሉ ይሆናል።

ቀለምን የመከተሉ ሥራ በዚህ አላበቃም። ቮክላን የፔሩን መረግድ መርምሮ አረንጓዴነቱ ከክሮሚየም እንደሆነ አሳየ፤ በቀዩ የሩቢ ዘር ውስጥም ይህንኑ ንጥረ ነገር አገኘ። በዚያው ጊዜ አዩይ መረግድና ቤሪል በክሪስታል ቅርጻቸው አንድ መሆናቸውን አስተውሎ በኬሚስትሪም አንድ እንደሆኑ እንዲመረምርለት ለቮክላን አቀረበለት። ቮክላን በ1798 መጀመሪያ ሁለቱም አንድ መሆናቸውን ብቻ ሳይሆን እስከዚያ አሉሚና ተብሎ ሲቆጠር የነበረው ክፍላቸው አዲስ ነገር እንዳለበት አስታወቀ። ጨዎቹ ጣፋጭ ስለነበሩ ግሉሲን ተባለ፤ ኋላ ቤሪሊየም የተባለው ነው። ብረቱን ለብቻው ማውጣት ግን እስከ 1828 ዘግይቶ በቮለርና በቡሲ ተፈጸመ። በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ሁለት ንጥረ ነገሮች በአንድ ሰው እጅ ተገኙ ማለት ነው። በአገራችን በጉጂ፣ በሻኪሶ አካባቢ የሚወጣው መረግድ እነዚህን ሁለቱን አጣምሮ ይዟል፤ ቤሪሊየሙ ከፔግማታይት፣ አረንጓዴ የሚያደርገው ክሮሚየም ከአልትራማፊኩ ድንጋይ መጥተው በአንድ ክሪስታል ተገናኝተዋል።

ክሮሚየምን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስገኘው ክሮኮይት ግን የንጥረ ነገሩ እውነተኛ ቤት አልነበረም። ክሮኮይት የእርሳስ ሥር በአየርና በውኃ ሲበሰብስ ከአልትራማፊክ ድንጋይ የመጣ ክሮሚየም ሲያገኝ የሚፈጠር፣ ብርቅ የሆነ ተከታይ ማዕድን ነው። ዋናው ምንጭ ብዙም ሳይቆይ ተገኘ። በደቡብ ፈረንሳይ በቫር አውራጃ በሰርፔንቲን ውስጥ የሚገኝ ጥቁር ከባድ ድንጋይ ሲመረመር ብረትና ክሮሚየም የተዋሐዱበት ሆኖ ወጣ፤ ቮክላንም በምርመራው እጁን አስገብቷል። ክሮማይት ማለት ይህ ነው። በኡራልም ተመሳሳይ ማዕድን ታወቀ፤ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ዐሥርተ ዓመታት በአሜሪካ ባልቲሞር አካባቢ ካለው ሰርፔንቲን መውጣት ጀመረ። እስከ ዛሬ ድረስ ክሮሚየም የሚመረትበት ማዕድን ክሮማይት ብቻ ነው። ከቮክላን ተማሪዎች አንዱ የሆነው ኩርትዝ ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ የክሮሚየም ጨው አምራች ሆነ። መምህሩ ራሱ የክሮም ቢጫን ቀለም አሠራር ቢገልጽም ከዚህ ሀብት አላካበተም።

ቮክላን ሁልጊዜ አልቀናውም። በ1803 ገደማ እሱና ፉርክሯ የደቡብ አሜሪካ ፕላቲነም በንጉሥ ውኃ ሲሟሟ ከታች የሚቀረውን ጥቁር ዝቃጭ መረመሩ። አዲስ ብረት እንዳለበት በትክክል ተረዱ፤ ነገር ግን አንድ ብረት ነው ብለው አሰቡ። በለንደን ስሚትሰን ቴናንት ያንኑ ዝቃጭ በአሲድና በአልካሊ እያፈራረቀ ሲፈታው ሁለት ሆኖ ወጣ፦ ኦስሚየምና ኢሪዲየም። ክሮኮይትን በአልካሊ ከፍቶ ምስጢሩን ያገኘው ሰው በዚህኛው ላይ ሁለተኛ መመለስ ሳያደርግ ቀደሙት። ይህ ዝቃጭ ለኢትዮጵያ የጂኦሎጂ ተማሪ ሩቅ ነገር አይደለም። በወለጋ በቢርቢር ወንዝ አጠገብ የሚገኘው የዩብዶ አልትራማፊክ ድንጋይ ክሮማይትን ከፕላቲነምና ከዘመዶቹ ጋር ይዟል፤ እንጅባራ ላይ ከማንትል በስባሪ የመጣው ወገን እዚያ ራሱን ችሎ በሰፊው ተገልጦ ይታያል።

የቮክላን ሹመት በየዓመቱ ጨመረ። በኮሌዥ ደ ፍራንስ፣ በመድኃኒት ቅመማ ትምህርት ቤት፣ በዕፀዋት አትክልት ሥፍራው ቤተ መዘክር አስተማረ፤ የወርቅና የብር ንጥረት መርማሪም ሆኖ በዚሁ ሙያ መጽሐፍ አዘጋጀ። ያሳተማቸው ጽሑፎች ከ300 በላይ ናቸው። ከማዕድን ውጭም ሠርቷል፤ ከረዳቱ ከሮቢኬ ጋር በ1806 ከአስፓራገስ ተክል አስፓራጂንን ለየ፤ ይህም ኋላ አሚኖ አሲድ ከተባሉት ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው ነው።

በቤተ ሙከራው ያደጉ ተማሪዎች ብዙ ናቸው፤ ካድሚየምን ያገኘው ስትሮማየር ከእነዚህ አንዱ ነው። የመርዝ ጥናት መሥራች የሆነው ስፔናዊው ኦርፊላ በ1808 አገሩ ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ስትገጥም በፓሪስ ታሰረ። ዓይን አፋሩ ቮክላን የአካዳሚ ልብሱን ለብሶ ወደ ፖሊስ ሹሙ ዘንድ ሄደና ዋስ ሆኖ አስፈታው። በቀን ተቀን ኑሮው ስለ ራሱ አንድ ቃል መናገር ለሚከብደው ሰው ይህ ቀላል እርምጃ አልነበረም።

ፉርክሯ በ1809 በድንገት ሞተ። መንበሩ በሕክምና ፋኩልቲ ውስጥ ስለነበረ ተተኪው የሕክምና ዲግሪ ያስፈልገው ነበር፤ ቮክላን በአርባ ስምንት ዓመቱ ስለ አንጎል ኬሚካዊ ይዘት ጽፎ ዲግሪውን ተቀበለና በ1811 በመንበሩ ተቀመጠ። የፉርክሯን ሁለት አረጋውያን እኅቶችም ወደ ቤቱ ወስዶ እስከ ዕለተ ሞታቸው ጦራቸው። ሚስት አላገባም። በ1813 ፓሪስን የጎበኘው ሃምፍሪ ዴቪ ቤቱን አይቶ በኑሮው ተራነት ተገርሟል፤ ያ ለታላላቅ ሰዎች ግብዣ የለመደ እንግሊዛዊ እንግዳ ተቀባዩ ክፍል መኝታ ቤትም ወጥ ቤትም መሆኑን እንደ ጉድ ቆጥሮታል። ቮክላን በሩዋን ጠርሙስ ሲያጥብ ከነበረበት ኑሮ ልብሱን እንጂ ልማዱን አልለወጠም ነበር።

መጨረሻው መራራ ሆነ። በኖቬምበር 1822 የንጉሡ መንግሥት በተማሪዎች ሁከት ተቆጥቶ የፓሪስን የሕክምና ፋኩልቲ ዘጋ፤ በቀጣዩ ዓመት ሲከፍተው ዐሥራ አንድ መምህራንን አስቀረ። ዕፀዋት ተመራማሪው ዡሲዩ፣ የአእምሮ ሕሙማን ሐኪሙ ፒኔልና ቮክላን ከተባረሩት ውስጥ ነበሩ። ቮክላን በሁከቱ እጅ እንዳልነበረበት ሁሉም ያውቃል። ስድሳ ዓመት ሊሞላው ለቀረበ፣ በፖለቲካ ሳይሆን በሚዛን ላይ ዕድሜውን ለጨረሰ ሰው ነገሩ ከባድ ነበር፤ ቀሪ ሹመቶቹን አልተነጠቀም፤ ኀዘኑ ግን አልለቀቀውም። በመጨረሻ ዓመታቱ የተወለደበት አውራጃ ሕዝብ በእንደራሴነት መርጦት በምክር ቤት ተቀመጠ፤ ጤናው ግን ደክሞ ነበር። ኖቬምበር 14 ቀን 1829 በዚያችው በሴንት አንድሬ ዴበርቶ ሞተ። በቤተ መዘክሩ መንበር ላይ የተተካው ተማሪው ሼቭረል ነው።

ስዊድናዊው ኬሚስት በርዜሊየስ በ1818፣ ቮክላን በሕይወት ሳለ፣ የእርሳስ፣ የመዳብና የክሮሚየም ውሕድ የያዘ አዲስ ማዕድን በስሙ ቮክሊናይት ብሎ ሰይሞለታል። ማዕድኑ አረንጓዴና ቡናማ ነው፤ የተገኘውም በበረዞቭ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከክሮኮይት ጋር በአንድ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ይታያል።